መንኮራኩሩ ይሠራል ወይስ ለዓይን ነው?

ፌብሩዋሪ 2024 ላይ «አሜሪካን ኩዊን» የተባለችው ዝነኛ የሚሲሲፒ ወንዝ መርከብ ሥራ ፈታ ቀረች። ባለቤቷ የነበረው የሽርሽር ኩባንያ ተዘጋ፤ እሷም ከሌሎች ሦስት መርከቦች ጋር ለጨረታ ቀረበች። የገዛት ተፎካካሪው አሜሪካን ክሩዝ ላይንስ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በአካል ያላያት ሰው እንኳ በፎቶ ሳያውቃት አይቀርም፦ 127 ሜትር የምትረዝም፣ ነጭ፣ ባለ ስድስት ደርብ፣ ጅራቷ ላይ ቤት የሚያህል ቀይ መንኮራኩር የተሸከመች። በ1995 ተሠርታ ስትወጣም ልቧ ሽማግሌ ነበር። መንኮራኩሯን የሚያዞሩት የእንፋሎት ሞተሮች በ1932 ከወንዝ ደለል ለሚያወጣ የመንግሥት መርከብ የተሠሩ ናቸው፤ ከዚያ ተነቅለው፣ ታድሰው ለእሷ ተገጠሙ።

ገዢው ኩባንያ ራሱ ከ2018 ወዲህ ለሚሲሲፒ ያሠራቸው አዳዲስ መርከቦች መንኮራኩር የላቸውም። በ2022 ወደ ወንዙ የገባችውና 386 ተሳፋሪ የምትይዘው «ቫይኪንግ ሚሲሲፒ»ም የላትም። መንኮራኩር ያላትን መርከብ የአገሩ ምልክት ያደረገው ሕዝብ፣ አዲስ ሲያሠራ መንኮራኩሩን ትቶታል ማለት ነው።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ አውሮፓ የሠራችው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ክሯዚዩሮፕ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2015 «ሎዋር ፕሪንሴስ»ን ወደ ሎዋር ወንዝ አወረደ፤ በሁለት ጎኗ መንኮራኩር አለ። በ2016 «ኤልብ ፕሪንሴስ» ተከተለች፤ በ2018 ሁለተኛዋ። የእነዚህኞቹ መንኮራኩር ከኋላ ነው። ሩሲያም በቮልጋና በኦካ ወንዞች ላይ «ሱራ»ንና «ዞሎቶዬ ኮልትሶ»ን በመንኮራኩር አስነስታለች። እነዚህ ሁሉ በዚህ ክፍለ ዘመን የተነደፉ፣ ኮምፒውተር የሚመራቸው፣ ጥቁር ጭስም የእንፋሎት ፉጨትም የሌላቸው መርከቦች ናቸው።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ በአንዱ ወንዝ ሲጣል በሌላው ወንዝ የሚገዛው ለምንድን ነው? ነገሩን የናፍቆት ጉዳይ አድርገው የሚያልፉት ብዙ ናቸው። እኔ ግን መልሱ ወንዙ ወለል ላይ ተኝቷል ባይ ነኝ። ውኃው ምን ያህል ጥልቅ ነው? ከዚህች ጥያቄ በፊት የሚነሳ ሌላ ጥያቄ የለም።

የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩን ግማሽ በግማሽ ያውቀዋል። ወፍጮ ላይ ውኃው መጥቶ መዘውሩን ይመታል፤ መዘውሩ ዞሮ ድንጋዩን ያዞራል። መርከብ ላይ ይህ ይገለበጣል። ሞተሩ መንኮራኩሩን ያዞራል፣ በመንኮራኩሩ ዙሪያ የተደረደሩት ሳንቃዎች ተራ በተራ ውኃ ውስጥ እየገቡ ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋሉ፣ መርከቧም በዚያው ልክ ወደ ፊት ትሄዳለች። ታንኳ ቀዛፊም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ቀዛፊው እጁን መልሶ ማምጣት አለበት፤ መንኮራኩሩ ግን መመለሻውን በአየር ላይ አዙሮታል።

ችግሩ ውኃ ግድግዳ አይደለም። ሲገፉት ይሸሻል። ስለዚህ የመንኮራኩሩ ጠርዝ ሁልጊዜ ከመርከቧ ፍጥነት ይበልጣል፤ በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት መርከቧን ሳይሆን ውኃውን ለማስሮጥ የጠፋ ጉልበት ነው። ይህ ብክነት በፕሮፔለርም (ውኃ ውስጥ በሚሽከረከረው የመርከብ ክንፍም) አለ፣ በዓሣ ጅራትም አለ። የመርከብ ነዳፊ ብክነቱን ማጥፋት አይችልም፤ የሚችለው ማሳነስ ነው። ዘዴው ለመስማት ቀላል ነው፦ ብዙ ውኃ በቀስታ መግፋት። አንድን ግፊት ለማግኘት የምትገፋውን ውኃ በእጥፍ ብታበዛ፣ ውኃውን በግማሽ ፍጥነት መግፋት ይበቃሃል፤ በከንቱ የሚሄደውም ኃይል በግማሽ ይወርዳል። ጥቂት ውኃ በኃይል የሚወነጭፍ መርከብ አረፋው ያምራል፣ ናፍጣው ግን ያልቃል።

አሁን ይህን ይዘን ጥልቀቱ አንድ ሜትር ከሆነ ወንዝ ዳር እንቁም። መርከቧ ከ80 ወይም ከ90 ሳንቲሜትር በላይ ውኃ ውስጥ መግባት አትችልም፤ ከገባች አሸዋው ይይዛታል። ፕሮፔለር ደግሞ ሙሉ በሙሉ መጥለቅ አለበት፤ ጫፉ ከውኃ ብቅ ካለ አየር ይስብና መያዣ አጥቶ በባዶ ይሽከረከራል። ስለዚህ ቢበዛ 70 ሳንቲሜትር ያህል ዲያሜትር ያለው ፕሮፔለር ይገጠማል እንበል። እሱ የሚያካልለው ክብ 0.4 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያችው መርከብ ጎን 4 ሜትር ስፋት ያለው መንኮራኩር ብንሰቅልና ሳንቃው 40 ሳንቲሜትር ቢጠልቅ፣ ውኃውን የሚገፋው ፊት 1.6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው ያነሳሁት፣ የየትኛዋም መርከብ ልክ አይደሉም፤ ነገር ግን የነዳፊውን ራስ ምታት በትክክል ያሳያሉ። ፕሮፔለር የሚያድገው ወደ ታች ነው፣ ወንዙ ደግሞ ታች የለውም። መንኮራኩር ወደ ጎን ያድጋል፤ ጎን ደግሞ ሞልቷል።

ሌላም አለ። ፕሮፔለር ከወለሉ ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ሲዞር አሸዋውን ይስባል፣ ጠጠሩን ይወቅጣል፣ የገመድ ቁራጭና የዛፍ ሥር ይጠመጠምበታል። ሲሰበር መርከቧ ከውኃ ወጥታ ነው የሚጠገነው። የመንኮራኩር ሳንቃ በግንድ ቢመታ ግን ሠራተኛው ያየዋል። ከውኃ በላይ ሲደርስ ያቆመውና ብሎኑን ፈትቶ ሌላ ሳንቃ ያስገባል። የድሮዎቹ የሚሲሲፒ ሰዎች ትርፍ ሳንቃ ሳይዙ አይነሱም ነበር። ስለ እነዚያ መርከቦች ሲቀልዱም ጠዋት ጤዛ ከወረደ መሄድ ይችላሉ ይሉ ነበር።

ታዲያ ይህን ያህል ደግ ከሆነ ዓለም ለምን ተወው? ባሕር ላይ ስለማያዋጣ። የታወቀው ፈተና የተደረገው በ1845 ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ተመጣጣኝ ጉልበት ያላቸውን ሁለት የእንፋሎት መርከቦች፣ ፕሮፔለር ያላትን «ራትለር»ንና መንኮራኩር ያላትን «አሌክቶ»ን፣ ጀርባ ለጀርባ በገመድ አስሮ አጓተታቸው። «ራትለር» ተቀናቃኟን፣ መንኮራኩሮቿ በሙሉ ኃይል ወደ ፊት እየዞሩ፣ ከ2 ኖት (በሰዓት 3.7 ኪሎ ሜትር ያህል) በሚበልጥ ፍጥነት ወደ ኋላ ጎተተቻት። ትርኢት ነበር፤ ባሕር ኃይሉ ከዚያ በፊትም ወደ ፕሮፔለር አዘንብሎ ነበር። ግን ፍርዱ ትክክል ነው። በማዕበል ላይ መርከብ ወደ አንድ ጎን ስታጋድል አንዱ መንኮራኩር ይሰጥማል፣ ሌላው አየር ይቀዝፋል። ከሰሉ እየተቃጠለ ሲያልቅ መርከቧ ቀልላ ከፍ ትልና ሳንቃው ውኃ አይደርስም። የጦር መርከብ ላይ ደግሞ አንድ የመድፍ ጥይት መንኮራኩሩን ካገኘው ያበቃል።

እነዚህን ችግሮች አንድ በአንድ ወስዳችሁ የወንዝ ሽርሽር መርከብ ላይ ሞክሯቸው። ማዕበል የለም። መድፍ የለም። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቁም፣ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል። የጭነት መርከብ ባዶዋን ስትሆንና ስትሞላ ውኃ ውስጥ የምትገባበት ልክ በጣም ይለያያል፤ መንኮራኩር ደግሞ ከተሰቀለበት ቦታ አይነቃነቅም፣ ወይ አብዝቶ ይጠልቃል ወይ አይደርስም። የሽርሽር መርከብ ጭነት ግን ሰው፣ አልጋና ምግብ ነው። መቶ ሰው ከነሻንጣው ቢሳፈር ከመርከቧ ክብደት አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሳንቃው ዛሬም ነገም በዚያው ልክ ይጠልቃል። ባለመንኮራኩር አዳዲስ መርከቦች የተሳፋሪ እንጂ የሲሚንቶ ወይም የእህል ያልሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሎዋር ለዚህ ሁሉ ማሳያ ነው። ፈረንሳዮች «የመጨረሻው የዱር ወንዝ» ይሉታል። የአሸዋ ክምሩ በየዓመቱ ቦታ ይቀያይራል፤ አምና መርከብ ያለፈበት ዘንድሮ ሰው ሽርጥ ሰብስቦ የሚሻገረው ሊሆን ይችላል። የድሮ ነጋዴዎቹም በጠፍጣፋ የእንጨት ጀልባ ነበር የሚሠሩበት። «ሎዋር ፕሪንሴስ» ሴን ናዜር ተሠርታ፣ ከናንት ተነስታ ወደ አንዤ አቅጣጫ እስከ ቡሽሜን ትሄዳለች። 90 ሜትር ትረዝማለች፣ 15 ሜትር ትሰፋለች፣ የምትይዘው ግን 96 ሰው ነው። ውኃ ውስጥ የሚገባው አካሏ አንድ ሜትር አይሞላም። የቁመቷና የስፋቷ ነገር ጣና ላይ የምትንሳፈፍ የደንገል ታንኳ ያስታውሰኛል፦ ክብደቷን በሰፊው ዘርግታ ውኃው ላይ ትተኛለች እንጂ ውኃው ውስጥ አትቀመጥም።

15 ሜትር ስፋት የተቻለው በምክንያት ነው። በምትሄድበት የሎዋር ክፍል ሎክ የሚባሉት የመርከብ ማሳለፊያ በሮች የሉም። ስለዚህ መንኮራኩሮቹ ጎንና ጎን ቢወጡ የሚገታቸው ግንብ አያገኛቸውም። ጎን ላይ መሆናቸው ደግሞ ጥቅም አለው፤ ሁለት መንኮራኩር ለየብቻ መንዳት ከተቻለ፣ አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ አዙሮ መርከብን በቆመችበት ማሽከርከር ይቻላል።

ከቼክ ወደ ጀርመን በሚፈሰው በኤልብ ወንዝ ላይ ግን ይህ አይሆንም። የበርሊንና የፕራግ ጉዞ የሚያልፈው በቦይ፣ በዝቅተኛ ድልድይና በሎክ ነው። ከቼክዋ ኡስቲ ከተማ ወደ ላይ ወንዙ በግድብና በሎክ የተደረደረ ደረጃ ነው። «ኤልብ ፕሪንሴስ» ስለዚህ ቀጠነች። 95 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ተኩል ስፋት፣ ቁመቷም ዝቅ ያለ፣ የምትይዘው 80 ሰው ያህል። ጎን ላይ የሚወጣ መንኮራኩር የመኝታ ክፍሎቹን ሊበላ ነው፤ ስለዚህ ወደ ጅራት ተወሰደ። አንድ ኩባንያ፣ በሁለት ዓመት ልዩነት፣ ለሁለት ወንዝ ሁለት ዓይነት አሰቃቀል መረጠ። ጌጥ ቢሆን ኖሮ ማን ይህን ያህል ይጨነቅበት ነበር?

የሩሲያዎቹ ነገር ደግሞ በራሱ መንገድ ብልህ ነው። ከኋላ ሁለት መንኮራኩር አላቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይዞራል፣ መርከቧም የምትታጠፈው የሁለቱን ፍጥነት በማለያየት ነው። ወደብ በሌለበት ዳርቻ አፍንጫዋን አሸዋው ላይ አስጠግታ ሰው ማውረድ ትችላለች።

እንፋሎት ከቀረ መንኮራኩሩን የሚያዞረው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ዘመናዊ መሐንዲስ ላብ ያልበዋል። የእንፋሎት ሞተር ለመንኮራኩር የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ረጅም ክንዱን እየዘረጋና እየሰበሰበ መንኮራኩሩን በቀጥታ ይገፋል፣ ከመጀመሪያዋ ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበት አለው። የናፍጣ ሞተር በደቂቃ ከሺህ ዙር በላይ ይሮጣል፤ መንኮራኩሩ የሚፈልገው ደግሞ በደቂቃ ጥቂት አሥር ዙሮች ብቻ ነው። ጎርፍ የሚያህል ጉልበት፣ የኤሊ ፍጥነት። አባይ በረሃን ጭነት ይዞ በአንደኛ ማርሽ የሚወጣ አይሱዙ አስቡ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን ቀስ ይላል። መርከብ ላይ ያንን ማርሽ በጥርስ ብቻ መሥራት ከባድ ብረትና የማያቋርጥ ንዝረት ያመጣል። ስለዚህ አንዱ መንገድ ናፍጣው ጄኔሬተር እንዲያዞርና ኤሌክትሪክ ሞተር መንኮራኩሩን እንዲነዳ ማድረግ ነው። ሌላው በዘይት ግፊት መንዳት ነው፦ ናፍጣው ፓምፕ ይነዳል፣ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ መንኮራኩሩ አጠገብ ያለ ቀርፋፋና ጉልበተኛ ሞተር ያዞራል። በ1995 በአሜሪካ ምዕራብ ለኮሎምቢያ ወንዝ የተሠራችው «ኩዊን ኦፍ ዘ ዌስት» በዚህ በዘይቱ መንገድ ነው የሄደችው።

ድምፁና ንዝረቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሳንቃ ውኃ ውስጥ በጥፊ ከገባ እያንዳንዱ ጥፊ ወደ መኝታ ክፍል ይደርሳል፤ ሲወጣ ደግሞ ውኃ አንስቶ ይወጣል፤ ያንን ውኃ ወደ ላይ መሸከም ንጹህ ኪሳራ ነው። እንግሊዞች ከ1820ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዚህ መላ አበጁ። ሳንቃዎቹን በማጠፊያ ሰቅለው፣ ከመንኮራኩሩ እምብርት ትንሽ ፈንጠር ካለ ሌላ እምብርት በሚነሱ ዘንጎች አሰሯቸው። መንኮራኩሩ ሲዞር ዘንጎቹ ሳንቃውን እየገፉና እየሳቡ፣ ውኃ ውስጥ ሲገባም ሲወጣም ቀጥ ብሎ እንዲቆም ያደርጉታል፤ ቢላ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ። አሜሪካኖቹ አልተቀበሉትም። ግንድ በሚንሳፈፍበት ወንዝ ላይ ያን ሁሉ ማጠፊያ ማን ይጠግናል ብለው፣ ሳንቃውን በደረቁ በብሎን አስረው ሄዱ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፣ በየወንዛቸው።

ይህን ማሽን በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሰው ጀርመን አገር ድሬስደን ይሂድ። ከተማዋ ከ1879 እስከ 1929 የተሠሩ ዘጠኝ የጎን መንኮራኩር መርከቦች አሏት፤ ብዙዎቹ እስካሁን ተሳፋሪ ይዘው በኤልብ ይመላለሳሉ። መሃላቸው ላይ የሞተር ክፍሉ ከላይ ክፍት ነው። ተሳፋሪው ቢራውን ይዞ አጥሩን ተደግፎ ወደ ታች ያያል፦ ክንድ የሚያካክሉ የተወለወሉ ብረቶች እየወጡ እየገቡ፣ ዘንጉ በእርጋታ ሲገለባበጥ፣ በዘይት የጠቆረ ጨርቅ የያዘ ሰው በመሃላቸው ሲመላለስ። ከዘጠኙ «ዲስባር» የምትባለው በ1884 የተሠራች ናት፤ ሞተሯ ግን ለሌላ መርከብ በ1841 እንግሊዝ አገር የተሠራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ኃይሉ በነበሩበት ዘመን ማለት ነው። የሚሠራውም በከሰል ነው።

ሆኖም እነዚያ መርከቦች የመንኮራኩርን ክብር ብቻ ሳይሆን ልኩንም ያሳያሉ። በ2018 በጋ ኤልብ በድርቅ ሲጎድል እነሱም ጉዟቸውን መቁረጥና መቆም ግድ ሆኖባቸዋል። መርከቦቹን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት በ2020፣ የኮሮና ወረርሽኝ ተደርቦበት፣ ኪሳራ አውጆ በስዊዘርላንድ ኩባንያ እጅ ገባ። በዚያው ወንዝ ላይ ቫይኪንግ የተባለው የሽርሽር ኩባንያ ሌላ መፍትሔ ሞክሮ ነበር፤ በ2015 ለኤልብ ብሎ ያሠራቸው ሁለት መርከቦች መንኮራኩር ሳይሆን ከሆዳቸው በታች ውኃ እየሳበ የሚተፋ ፓምፕ ጄት አላቸው። ፓምፑ ከመርከቧ ወለል ስለማይወጣ አሸዋ አይነካም፤ ለተሳፋሪም ዝም ያለ ነው። በዚያ ድርቅ ግን ጉዞ እየተሰረዘባቸው ተሳፋሪው በአውቶቡስ ሄደ። መንኮራኩርና ፓምፕ ጄት የሚከራከሩት ስለ መጨረሻዋ 20 ሳንቲሜትር ነው። ውኃው ከዚያ በታች ከወረደ ሁለቱም እኩል ተሸናፊ ናቸው።

ሚሲሲፒስ? መልሱ እዚህ ላይ ራሱ ይመጣል። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የወንዙን የመርከብ መንገድ ቢያንስ 9 ጫማ፣ ማለትም 2.7 ሜትር ያህል ጥልቀት እንዲኖረው አድርገው ይጠብቃሉ። በላይኛው ወንዝ በአብዛኛው በ1930ዎቹ በተሠሩ ግድቦችና ሎኮች፣ በታችኛው ደግሞ ደለል እያወጡ። ይህን የሚያደርጉት ለሽርሽረኛ ሳይሆን በቆሎና አኩሪ አተር ለሚጭኑ ጀልባዎች ነው። ግን ውኃው ለፕሮፔለር በቃ። ጥልቀት ካለ ደግሞ ዙሪያውን መዞር የሚችል ፕሮፔለር ከመንኮራኩር ይረክሳል፣ ያነሰ ቦታ ይይዛል፣ መርከቧንም እንደ ፈለገ ያዞራታል። «አሜሪካን ኩዊን» ራሷ ከመንኮራኩሩ ግራና ቀኝ ሁለት እንዲህ ያሉ በኤሌክትሪክ የሚዞሩ ፕሮፔለሮች ነበሯት። የእሷ መንኮራኩር እውነተኛ ሠራተኛ ነበር፤ ግን ብቻውን የሚሠራ አልነበረም። ልብ በሉ፣ ከ1932ቱ ሞተር ጋር ታሪክ የሚያያይዘው ነገር አለ፦ ሞተሩ የተሠራው ደለል ለሚያወጣ መርከብ ነው። ወንዙን ለፕሮፔለር ያጠለቀው ሥራ አካል የነበረ ሞተር፣ በስተርጅናው መንኮራኩር ሲያዞር ኖረ።

ከእሷ ውጪ ባሉት ብዙ የከተማ ሽርሽር ጀልባዎች ላይ ግን መንኮራኩሩ ጨርሶ ሥራ የለውም። ፕሮፔለሩ ከታች ይገፋል፣ መንኮራኩሩ ከኋላ በውኃው ፍሰት እንዲሁ ይንከባለላል፣ ወይም ትንሽ ሞተር ለፎቶ ያዞረዋል። ማወቂያው ከባድ አይደለም። ጀልባው ሲነሳ ጅራቱን ተመልከቱ። የሚሠራ መንኮራኩር ከኋላው ውኃውን ከፍ አድርጎ ይቆልላል፣ አረፋው የሚጀምረውም ሳንቃው ከሚወጣበት ነው። አረፋው ከመንኮራኩሩ ራቅ ብሎ ከታች እየፈላ የሚመጣ ከሆነ፣ የሚገፋው ሌላ ነው። ሳንቃዎቹ የውኃውን ቆዳ ብቻ የሚልሱ ከሆነም እንደዚያው። እኔ ይህን ማጭበርበር አልለውም። ሰው ለመዝናናት ነው የከፈለው፣ ተዝናንቷል። ቢሆንም «በመንኮራኩር የምትሄድ» ብሎ ማስታወቂያ መጻፍና መንኮራኩር መስቀል ሁለት ነገር ናቸው።

ግብፅ ላይ ሦስተኛ ዓይነት አለ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተሠራችው «ሱዳን» የተባለች የእንፋሎት መርከብ በሉክሶርና በአስዋን መካከል በጎን መንኮራኩሮቿ ዛሬም ሽርሽረኛ ታመላልሳለች። ሞተሩም መንኮራኩሩም እውነት ነው፤ ወንዙ ግን ከእንግዲህ አያስገድዳትም፣ ታላቁ የአስዋን ግድብ ፍሰቱን ስለገራው። ስትሠራ ግን ያስገድዳት ነበር። የዓባይ ሙላት ከኢትዮጵያ ደጋ በክረምት ይወርድና ያልፋል፤ ቱሪስት የሚመጣው ደግሞ በአውሮፓ ብርድ ወራት፣ ውኃው እየጎደለ በሚሄድበት ጊዜ ነው። ጥልቀት የሌለው ሆድና ሰፊ መንኮራኩር የጌጥ ምርጫ ሳይሆን የወቅቱ ግዴታ ነበር።

ይኸው ክረምት እኛም አገር መንኮራኩር አምጥቶ ያውቃል። በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ላይ ኢታንግ አካባቢ፣ በዳርቻው ከ2000 ሜትር ያልበለጠ፣ በስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ጣቢያው የተተከለው ጋምቤላ ላይ ነው፤ እስከ 1956ም በእንግሊዝና በሱዳን አስተዳደር ሥር ቆየ። ከካርቱም የሚነሱት የሱዳን መንግሥት የእንፋሎት መርከቦች፣ አብዛኞቹ መንኮራኩራቸው ከኋላ የሆነ፣ ነጭ ዓባይንና ሶባትን ሽቅብ ወጥተው በባሮ እዚያ ይደርሱ ነበር። ጨውና ጨርቃ ጨርቅ አራግፈው ከጎሬና ከሳዮ በአጋሰስና በሰው ሸክም የወረደውን ቡና ይጭናሉ።

ባሮ ግን ዓመቱን ሙሉ አይከፈትላቸውም። የሚከፈትላቸው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው፤ ደጋው ላይ ዝናብ ሲያባራ ወንዙም ይከዳል፤ ያኔ ያ ሁሉ ሳንቃ ምንም አይፈይድም። የመርከቡ አዛዥ በየቀኑ የሚያየው ውኃውን ነበር። ቡናው ሳይጫን ቢቀር ለከርሞ ይጫናል፤ መርከቡ ካረፈደ ግን ራሱ ለከርሞ ይቀራል፣ አሸዋው ላይ ተቀምጦ።

ኤልብ ዳር፣ ቼክ ውስጥ ዴቺን ከተማ አጠገብ፣ ድንበሩን ሊሻገሩ የተነሱ መርከቦች የሚያልፉበት ቦታ አንድ ድንጋይ አለ። ውኃው በደህና ጊዜ ይሸፍነዋል። በድርቅ ዘመን ብቅ ሲል የድሮ ሰዎች ዓመቱን እየቀረጹበት ሄደዋል፤ ጎልቶ ከሚነበቡት አንዱ 1616 ነው። በጀርመንኛ የተጻፈበት «ካየኸኝ አልቅስ» ይላል። በ2018 በጋ ድንጋዩ ደርቆ ቆሞ ነበር፤ ሰው በእግሩ እየሄደ ፎቶ ይነሳበት ነበር።